የአባዬ ዓይን ሲለካ

ረቡዕ
የአባዬን ዓይን ለካሁ፤ ፈተናውን ወደቀ። መዝገቡ ላይ «አላየም» ብዬ ጻፍኩ።
ከአዲስ አበባ የመጣው የዓይን ሐኪም ጤና ጣቢያችን ውስጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እያስቀመጠ ዓይን ይለካል። ነርሷ እኔ ነኝ፤ ኦሮምኛውንም የማስተረጉመው እኔው። ለሰው የምናሳየው ካርድ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። የላይኛው ወደ ቀኝ ፈቀቅ ካለ ቀኝ እጅ፣ ወደ ግራ ከሆነ ግራ እጅ ማንሳት ነው። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ጨረሱ። ሽማግሌዎቹ ግን ግራው ሲመጣ ዝም። አብዛኞቹ ወደቁ።
አባዬ የባቲ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ያ አላህ!

ሐሙስ
ምሳ ላይ አባዬን «ወድቀሃል፣ መንዳት ተው» አልኩት። «በካርቶን ቁራጭ ልታሳውሪኝ ነው?» ብሎ ተነሳ። ወንድሜ ሰዒድ የመኪናው ረዳት ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል፣ አባዬ ግን መሪ አስይዞት አያውቅም። እሱ እንኳ «ተይው፣ አታሳጪው» አለኝ። እንዴት ልተወው? ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለው ቁልቁለት፣ መንገዱን የሚሞላው ግመል፣ ከኋላ የሚጫነው ሰው ሁሉ!

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ አደም ጤና ጣቢያ መጡ። እሳቸውም ወድቀው ነበር፤ ተቆጥተዋል።
«ግራ እጄን ሰው ፊት ላንሳ? ነውር አይደለም እንዴ!»
«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አሉ?»
«ሐኪሙ እንግዳ ነው። እንግዳ ይታረማል?»
ክው አልኩ። እዚሁ ከሚሴ ተወልጄ አድጌ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል! በአፍዎ ይንገሩኝ አልኳቸው፤ አንዷንም ሳይስቱ ለዩ። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን አልቆምኩም፣ በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ። አባዬም እኮ ጨዋ ነው! እሱም አፍሮ ነው! አልሐምዱሊላህ እያልኩ በደስታ አለቀስኩ።

ቅዳሜ
ትናንት በከንቱ ነው በደስታ ያለቀስኩት።
አባዬን ጎትቼ ወሰድኩት። «እጅህን ተወው፣ በአፍህ ብቻ ንገረኝ» አልኩት። ቀኝ አለ። ቀኝ። ግራውን ሳሳየውም ቀኝ። መስመሩ በጣም ፈቀቅ ያለበትን ካርድ እንኳ አልለየም። ሐኪሙ በመብራት አይቶ፣ የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኑን ሸፍኖታል፣ ደሴ ሄዶ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለ።
ስንመለስ አባዬ ራሱ አወጣው። «ያን ቀንም አላየሁትም ልጄ። በግምት ነበር።»
«ታዲያ እንዴት ትነዳለህ?»
«ሰዒድ አጠገቤ ሆኖ ፍየል አለች፣ ኩርባ ነው ይለኛል።»
ሰዒድን ልገድለው ምንም አልቀረኝ። እሱም አለቀሰ። «አባዬ ቤት ውሎ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ።

እሁድ
አባዬ መኪናዋን ሲያጥብ ዋለ። እኔ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ። በገዛ አባቴ ላይ?

ሰኞ
ተሳፋሪው ደጃችን ላይ መኪናዋን ሞልቶ ይጠብቃል። አባዬ ቁልፉን ይዞ የሹፌሩ በር ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ከመኪናዋ ፊት ለፊት ልቆም እግሬን አንስቼ ነበር። ከዚያ «ሰዒድ፣ ና ንዳ» ብሎ ቁልፉን ሰጠውና ወደ ቤት ገባ።
ሰዒድ ደውሏል፤ በሰላም ባቲ ገብተዋል። አባዬ አኩርፎኛል። ያኩርፍ፣ ግድ የለም። ደጅ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ አንዱንም አልሳተም። ለዓይኑ ደሴ መቼ እንሂድ ስለው ግን ጆሮውን ወደ መንገዱ ያዞራል።