ሰውም ይሸጥባት ነበር

ዓርብ፣ ጥር 9

አሊዩ አምባ ድሮ ምን ነበረች? መንደራችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። ታሪክ ተምሬ ስለተመረቅኩ መግቢያው ላይ ለሚተከለው ሰሌዳ ጽሑፉን አንተ አዘጋጅ ተባልኩ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ግመሉን፣ አሞሌ ጨዉን፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚውልበትን የዓርብ ገበያ አነሳሁ። መጨረሻ ላይ "ሰውም ይሸጥባት ነበር" አልኩ።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ለጎረቤታችን ለጋሼ ሰይድ አነበብኩላቸው።

"እውነት ነው። የመጨረሻዋን ግን አውጣት" አሉኝ።

"ለምን ጋሼ?"

"እናትህን ጠይቃት። ከኔ አፍ አይወጣም።"

እማዬ ማሽላ ታበጥር ነበር። ቀና ሳትል፣ "አያቴን የሸጧት እዚህ ገበያ ነው" አለችኝ። "ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ 'የተሸጡትስ ዘሮች እነማን ናቸው?' ማለቱ አይቀርም። የእህትህ አማቾች አያውቁም። ሰርጓ፣ ኒካው ይለፍ ልጄ።"

ማልቀስ ወይ መናደድ ነበረብኝ መሰለኝ። ምንም አልተሰማኝም። ራቴን በላሁ። መስመሯን ሰረዝኳት፤ መልሼ ጻፍኳት። ጽሑፉን ሰሌዳ ሠሪዎቹ ነገ ይወስዱታል።

አሁን ሸዋ ሮቢት ላለችው እህቴ ለዘይነባ ሁሉንም በስልክ ጻፍኩላት። "ሰርጉ ያንቺ ነው፤ የተሸጠችውም ያንቺም ቅድመ አያት ናት። መስመሯ ትቅር ወይስ ትኑር? እባክሽ መልሺልኝ።"