ከዘጠኙ አንዱን ከፍቼ

ጅቡቲ፣ አርሂባ
ረቡዕ፣ ሰኔ 4 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውቢትዬ፣ የሰብሊ እናት፤

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሁዳ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ተቀበሉኝ።

ሰላምታዬን ያላስቀደምኩት ናፍቆቴ ጎድሎ አይደለም። ነጋዴው ዓብዱሰመድ ነገ ለዕቃ ወደ ዱባይ ይበራል፤ ዓርብ ገበያ ስትወጪ ይህን ይሰጥሻል። በስልክማ ማዳም አጠገብሽ ስለምትሆን «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ከመባባል አናልፍም። እኛ ጤና ነን። ሙቀቱ ገብቷል፤ መብራትም እንደ ልማዱ ሄድ መጣ ይላል።

የምጽፍልሽ ስለ ውልሽ ነው። ባለፈው ወር «አታድሺ፤ የማኅበራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው፤ በደመወዙ ሦስታችንም እንኖራለን፤ ነይ» ብዬሽ ነበር። የምቀጠረው ግን ኮምፒውተሮቹ ከሠሩ ነው። ኮምፒውተሮቹ አልሠሩም።

አንድ ቢሮ ሲዘጋ ዘጠኝ አሮጌ ላፕቶፖች ለትምህርት ቤቱ ልስጥ አለ። በዚያው ሰሞን ሌላ ሰው የስፌት መኪናዎች ሊሰጥ ተነሣ። ባዶ የነበረው ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሁዳ ጠሩኝና «ልደቱ፣ አንተ ይገባሃልና እይልን። አንዱን ወስደን ሌላውን የምንመልሰው በአንተ ቃል ነው» አሉኝ። በላፕቶፖቹ ላይ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሚያዝያ ወዲህ የሚያድሰው የለም፤ አዲሱን ዊንዶውስ ደግሞ አይችሉትም። ስለዚህ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ፣ ለአሮጌ ማሽን ተብሎ የቀለለውን ዓይነት፣ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ።

ወደብ ላይ እንዴት እንደምንሠራ ታውቂያለሽ። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርቶኖች ሲመጡ አንዱን ከፍተን አይተን የቀሩትን እናሳልፋለን። ሁሉን እንክፈት ብንል መርከብ አይራገፍም። የላፕቶፖቹም ሥር የተለጠፈው ስምና ሞዴል አንድ ነበር። ከላይ ያለውን አንሥቼ ፍላሹን ሰካሁ። ተነሣ። ድምፁም ሠራ፣ ኢንተርኔቱም ያለ ገመድ ያዘ። «ይሠራሉ» አልኩ። የስፌት መኪናዎቹ ተመለሱ።

ስምንቱ አልተነሡም። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም ቀደም ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰር ሌላ ነው። ሲበሩ በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽፈው ይቆማሉ፤ ሊኑክሱ የሚፈልገው ፒኤኢ የሚባል ነገር በዚህ ፕሮሰሰር ላይ የለም ነው የሚሉት።

ሰኞ ተማሪዎቹ መጡ። አብዛኞቹ እንዳንቺ ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ማዳሞቻቸው ቀትር ላይ ሲተኙ ነው ወጥተው የሚመጡት። በምትሠራዋ አንዲት ኮምፒውተር ዙሪያ ተኮልኩለው ቆሙ። ዙለይካ የምትባለዋ «ጋሼ፣ ለማየትማ ማዳም ቤት አቧራውን ስወለውል አየው የለ? ለዚህ ነው እንቅልፌን ትቼ የመጣሁት?» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ የመጡት ሦስት ነበሩ።

ወይዘሮ ሁዳ ዛሬ አልጮኹብኝም። «ልደቱ፣ ይኼ ወደብ አይደለም። እዚህ ለተበላሸ ዕቃ ኢንሹራንስ የሚከፍል የለም» አሉና ለቁልፉ እጃቸውን ዘረጉ። ስለምናቸው ጊዜ ከማይነሡት አንዷን ይዤ እንድወጣ ፈቀዱልኝ።

ቡላኦስ ሰፈር ወሰድኳት፤ ቴሌቪዥን ከሚጠግነው ከከይረዲን ዘንድ። «ዋላሂ፣ ይቺን ሙዚየም እንኳ ያለ አማላጅ አይቀበላትም!» ብሎ እስኪበቃው ሳቀብኝ። ኋላ ግን ሱቁን ዘግቶ ኢንተርኔት ቤት አብሮኝ ገባ። አንድ ሰው ስለዚሁ ፕሮሰሰር በፈረንሳይኛ የጻፈውን አግኝቶ አነበበልኝ። ፕሮሰሰሩ የሚፈለገው ነገር አለው፤ እንዳለው ግን አያስታውቅም። ሲነሣ «አስገድድ» የሚል ትእዛዝ ከተጨመረበት ሊኑክሱ ሳይጠይቀው ያልፋል። ጨመርንበት። ተነሣች።

«ይኸው! አሁን ምን ያስለቅስሃል አንተ?» አለኝ ከይረዲን።

ከጽሑፉ ሥር ማስጠንቀቂያ ነበረው። እንዲህ በግድ የተነሣ ማሽን ዋስትና የለውም፤ መሀል ላይ ሊጠፋ ይችላል ይላል። ጠፋች። መልሰን አስነሣናት፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠፋች። ሙቀቱ ይሁን ትእዛዙ፣ ከይረዲንም አላወቀም። ሰባቱን እንዳልሞክር ክፍሉ ተቆልፏል።

ሰብሊ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ወደብ የቀን ሥራ ፍለጋ ስወጣ ጎረቤታችን ፋጤ ትይዝልኛለች። በቀደም «እማዬ» ብላ ጠራቻት። ፋጤ ደንግጣ «እማዬማ ዱባይ ናት፤ እኔ ፋጤ ነኝ» አለቻት። «እሺ እማዬ» አለች ልጅሽ። ፋጤ ይህን ስትነግረኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ፈርሚ ልልሽ ነበር ወረቀቱን ያነሣሁት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ሳትፈርሚ ቀርተሽ ክፍሉ ከተዘጋ፣ ሦስታችንም የምንበላው የለም። ከፈረምሽ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው፤ ሰብሊ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደምትረሳ እኔ አላውቅም። ለእኔ ብለሽ ምንም አታድርጊ። የምጽፈው ሁሉ ለእኔ ብለሽ አድርጊ የሚል ይመስለኛልና ይቅር በይኝ።

የምትሠሪበት ቤት እጁ አይክበድብሽ። ጉልበትሽን ያጽናው፤ ጤናሽን ይጠብቅልን፤ የገዛ ቤትሽን በር ለመክፈት ያብቃሽ።

የማኅበሩ ኮሚቴ እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ላፕቶፗን ይዤ እንድቀርብ ወይዘሮ ሁዳ እሺ ብለውኛል። ፊታቸው ሳትጠፋ ከቆየች ሰባቱንም እንድሞክር ይፈቅዱልኛል፤ ከጠፋች ክፍሉን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ስብሰባው እንዳለቀ እደውላለሁ፤ ማዳም አጠገብሽ ካለች «ቆየች» ወይም «ጠፋች» ብቻ እልሻለሁ። ያንቺ ፊርማ ማክሰኞ ነው።

ባለቤትሽ
ልደቱ