የማገድኩት ምርኩዝ

ለልጄ፣ ከነባልሽ ከነልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ሰባ ዘጠኝ ሞልቶኝም ጭቃዬን ራሴ አቦካለሁ፣ ኩበቴን ራሴ እሸከማለሁ፤ ይኸንንም ራሴ ጻፍኩት፣ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «አባትሽ ሸክላ መተኮሻው ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ» ብላ ደወለችልሽ አሉኝ። አልወደቅኩም፤ ገባሁ። ሸክላ ከላይ ሆኖ ይደረደራል እንዴ? ከሥር ኩበት አነጠፍኩ፣ እንስራዎቹን በአፋቸው ደፋሁ፣ ትንንሹን በየመሃሉ ሸጎጥኩ። ከዚያ ትንሽ ቁጭ አልኩ። እሷ ብቅ ብላ «አባባ፣ እዚሁ ሊያድሩ ነው?» ስትለኝ «ምን ቸገረኝ፣ አንጥፌያለሁ!» አልኳት። አናጢውን ጠርታ ጎትተው ያወጡኝም በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ እኔ አልጠራሁም።

እናትሽ በነበረች ጊዜ ከላይ ሆና እቃውን ታቀብለኝ ነበር፤ ስጨርስም እጇን።

ጉድጓዱ ይደፈን ያልሽውን አልሰማሁም። የላክሽልኝን ምርኩዝ ከማገዶው ጋር ለኮስኩት፤ ደህና ነደደ፣ አንድም እቃ አልተሰነጠቀብኝም።

በይ፣ ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ፤ ለልጆቹ አያታችሁ ጠንካራ ነው በያቸው። ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ፦ ለልብስ ሰፊዋ እንስራ፣ ለአናጢው ድስት ከነክዳኑ፣ ለአንቺ ደግሞ በምርኩዙ ፋንታ አንድ ረዥም እንጨት፤ ስትመጪ ከላይ ሆነሽ የምትዘረጊልኝ።

አባትሽ