ቃሬዛችንን ስለተረከቡልን

ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም.

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

የተከበሩ ጌታዬ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ቢታወክም አምቡላንሱ ነዳጅ ባለው ቀን ያድርግልዎ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ያቆምኩ የገበሬ ሚስት ነኝና፣ ቀስ ብዬ የጻፍኩትን ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ሚያዝያ ቀበሌያችን «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ» ተብሎ ነጭ ባንዲራ ስለተሰቀለለት አመሰግናለሁ። በዚያ በዓል ላይ፣ አምቡላንስ ከመጣ ወዲህ ምጥ የያዛትን ሴት በሰው ትከሻ መሸከም ኋላ ቀርነት መሆኑን ካስረዱን በኋላ፣ የሰፈራችን የቃሬዛ ማኅበር ቃሬዛውን በእልልታ ለእርስዎ አስረክቧል። አሁን «የትናንት ኑሯችን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሁለተኛ፣ በመስከረም ምጥ ሲይዘኝ ባለቤቴ ያረጋል አምቡላንስ ለመጥራት ደጋግሞ ቢደውል፣ መኪናው ነዳጅ እንደሌለው በጨዋነት ስለተነገረው አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ቡሬ ገበያ የዋለው አጎቴ ገብረሰንበት ግን አምቡላንሱ ድንኳንና ወንበር ጭኖ ሲያልፍ አይቻለሁ እያለ ይምላል። ሽማግሌ ስለሆነ ዓይኑ አታልሎት ይሆናል። ሆኖም ሾፌሩን በስሙ ጠርቶ ሰላም እንዳለው፣ ሾፌሩም እንደመለሰለት ይናገራል፤ ጆሮውም አብሮ አታልሎት እንደሆነ እርስዎ ያጣሩልኝ።

ጎረቤቶቼ ቃሬዛውን ሊያመጡ ቢሮጡ አዳራሹ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከሊቀ መንበሩ ጋር ስብሰባ ሄዷል። ስለዚህ ያረጋል የቤታችንን በር ነቅሎ፣ እሱ ላይ አስተኝተው ወደ ጤና ጣቢያው ይዘውኝ ወጡ። ወንዙን ሳንሻገር ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። አለቀሰ። የተሸከሙኝ ሁሉ ሰምተውታል። ጤና ጣቢያው ሳንደርስ ዝም አለ።

ሦስተኛ፣ በእርግዝናዬ ጊዜ ደጄን ረግጠው የማያውቁት ባለሙያዎችዎ በቀብሩ ማግስት ስኳርና ሳሙና ይዘው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ደግነታቸው ግን አስፈራኝ። ልጁ ሞቶ አልተወለደም ወይ፣ የሰማሽው ሌላ ድምፅ ይሆናል፣ ምጥ ያደከማት ሴት ብዙ ነገር ይሰማታል እያሉ ሲመላለሱብኝ ዋሉ። ለምን እንዲህ እንደጨነቃቸው የገባኝ በሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ ነው፤ በቀበሌያችን የሞተ ሕፃን እንደሌለ ተነገረ፣ ተጨበጨበም። መንገድ ላይ በመውለዴም ቤት ውስጥ እንደወለድኩ ስላልተቆጠረ ባንዲራው አልወረደም። እውነት ነው፤ የወለድኩት ቤቴ ውስጥ ሳይሆን የቤቴ በር ላይ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄን አያስነሡልኝም፤ ካሳም አልጠየቅሁም። በሕይወት መወለዱን፣ ማልቀሱንና መሞቱን በዚያው ባጨበጨበው ሕዝብ ፊት ቆመው ይናገሩልኝ።

በእርስዎ ትጋት ጤንነቷ እንደተጠበቀ በየስብሰባው የሚነገርላት፣

አቻምየለሽ ታከለ

ተጨማሪ፦ የአንድ ለአምስት መሪያችን እትዬ ታንጉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ነፍሳቸው ከተረፈ እናቶች አንዷ በመሆኔ፣ በጥር የእናቶች ወር በዓል ላይ ፍኖተ ሰላም ሄጄ እንድመሰክር መመረጤን ነግረውኛል። በደስታ እመጣለሁ። የሚሰጠኝ ጊዜ አጭር መሆኑንም አስጠንቅቀውኛል፤ ልጄም ያለቀሰው ለአጭር ጊዜ ነበርና ይበቃኛል።