«የእሳቸው ነው» ያልኩበት የቀጋ ሻይ

ሞላዬ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለያየን ይኸው አምስተኛው የውርጭ ወራት ገባ። አንተ ብዬ በመጻፌ አትቀየመኝ። በቁምህ አንድ ቀን እንኳ ከአንቱ ዝቅ ብዬ ጠርቼህ አላውቅም፤ ዛሬ ለምን እንደጀመርኩ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አንተን የወሰደብኝ መንግሥት ማንበብና መጻፍ አስተማረኝ። ይህን ውለታ በምን እንደምከፍለው እንጃ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ጥሩ በቁመት ልትበልጠኝ ነው። በሬዎቹ የሉም። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ብርዱ ጉልበታቸውን ስለሚቆረጥማቸው ጠዋት ጠዋት የቀጋ ሻይ አፈላላቸዋለሁ። ፍሬውን ከአፋፉ ለቅሜ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ ሰንጥቄ ጠጉራሙን ዘር በጥፍሬ አወጣለሁ፤ አለዚያ ጉሮሮ ይበላል። ዝንጅብል ወቅጬ እጨምራለሁ፣ ቅርንፉድም ከተገኘ አንድ ሁለት ፍሬ። ስኳር ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ከጠፋ በጨው እንጠጣዋለን። እናትህ ኩባያውን በሁለት እጃቸው አቅፈው «ያ ሳል ነው ልጄን የነጠቀኝ» ይላሉ። እኔ ኩባያቸውን ተቀብዬ እደግምላቸዋለሁ።

ያን ዓመት ታስታውሰዋለህ። ዝናቡ ቀርቶ፣ ስምህ ሰፈራ ከሚሄዱት ጋር ተጻፈና ጎታ ውስጥ ደበቅሁህ። ጎታችን እህል ቢኖረው ኖሮ ሰው አይይዝም ነበር። ዘጠኝ ቀን ተቀመጥክ። በአሥረኛው ጠዋት ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ስላደረ አንጀትህን ያሙቀው ብዬ ቀጋ አፈላሁ፤ የቀረችኝንም ቅርንፉድ አራግፌ ጨመርኩ። ሁለት ኩባያ ቀድቼ ያንተን ላቀብልህ ስነሳ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እጁ በብርድ ደንዝዞ ጠመንጃውን በብብቱ ነበር የያዘው። ቆፈን የያዘው ሰው ደጄ ቆሞ አላየሁህም ማለት አላውቅበትም። ግባ አልኩት፤ የራሴን ኩባያ ሰጠሁት።

ጨልጦ ጠጣና «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ከዚያ ሁለተኛውን አይቶ «ይኼስ የማን ነው?» አለ። የጠረጠረ አይመስለኝም፤ ቢደገምለት ደስ ባለው ነበር። የልጄ የጥሩ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ የለመደውን አወጣ። «የእሳቸው ነው» አልኩት።

እናትህ ያን ሰሞን ሙጃ ወርደው እህትህ ዘንድ እንደነበሩ ታጣቂውም ያውቃል። ከእሳቸው ሌላ በዚያ ቤት እሳቸው የምለው አንተን ብቻ ነበር። ኩባያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ወደ ጎታው አልዞረም፤ የሚያየው እኔን ነበር። አንተ ያኔ ከጎታው ወጣህ፤ ገለባውን ከራስህ እያራገፍክ «ሳሌ አጋለጠኝ» አልከው። ሰፈሩ ባሏን አሳልፋ ሰጠች እንዳይለኝ ብለህ ነው። ታጣቂውም ለሰው ሁሉ እንደዚያው አወራ። ሻይህን ቆመህ ጠጣኸው። እስከ ጋሸና በእግር፣ ከዚያ በኋላ በጭነት መኪና ወሰዷችሁ።

መሞትህን የነገረን ከሰፈራው አምልጦ የመጣ የኩልመስክ ሰው ነው። ወባ ነው አለ። ያን የሰፈራ ቆላ ሳስበው እዚህ ስለ ብርድ ማማረሬ ያሳፍረኛል።

የበላህ አንቱታዬ ነው። ምነው ያን ጠዋት እንኳ አንቱታውን በረሳሁት። ለዚህ ነው ከእንግዲህ አንተ የምልህ። አንዳንዴ ደግሞ በአንተ እናደዳለሁ። ያን ሳል ለምን ፈጠርክልኝ? አንተ ስሜን አድነህ ሄድክ፤ እኔ አምስት ዓመት ሙሉ በውሸትህ ተሸሽጌ የእናትህን ምርቃት ስበላ ኖርኩ። 

የፊታችን እሑድ ዝክርህ ነው። ሻዩን ሳልቀዳላቸው በፊት እውነቱን ለእናትህ እነግራቸዋለሁ። ከእጄ አልቀበልም ሊሉኝ ይችላሉ፤ እውነት አላቸው። አልረሳህም ብሎ ቃል መግባት ለማንም ቀላል ነው። እኔ ቃል የምገባልህ እንደነበርከው አድርጌ ላስታውስህ ነው። በባዶ ጎታ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ውርጭ፣ ዘጠኝ ቀን ተቀምጠህ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳልክም።