የዑመይር ጀልባ ባትሪ

አብዱልሃፊዝ፣
አሰላሙ አለይኩም። ወደ ዝዋይ ቀድሜህ ሄጃለሁ። ሃሊማ የወንድሟን የዑመይርን ጀልባ ልታስነሳ ነው፤ ከቡታጅራ አዲስ ባትሪ ገዝተህ ተከተለኝ።

የአይሱዙ ባትሪ ግዛ፣ የሶላር እንዳይሆን። የሶላር ባትሪ አምፖል ያበራል እንጂ ያንን አሮጌ የናፍጣ ሞተር አያስነሳም።
አሁን እንኳ ይሄን ታውቃለህ።

ሻጮቹ ሳይሞክሩልህ እንዳትቀበላቸው። ስትገጥም ቀዩን ገመድ አስቀድም፣ ጫፎቹን ግሪስ ቀባቸው። ጀልባው ሲናወጥ እንዳይንቀሳቀስ ባትሪውን ጥፍር አድርገህ እሰረው።

ቤታችን መብራት ሲያስቸግረን የጀልባውን ባትሪ አምጥተህ የኛን የሶላር እዚያ ስትተካ፣ «ለዑመይር ነግሬዋለሁ» ብለኸኝ ነበር።
መልሼ አልጠየቅኩህም።

ያን ቀን ዑመይር እየቀዘፈ ከገባ በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ሐይቁ መሃል ሞተሩን ደጋግሞ ሲሞክር ዓሣ አጥማጆቹ ሰምተውታል። ከቀበርነው ወዲህ እኔም እሰማዋለሁ፤ ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ ይላል።
ለሃሊማ ምንም አላልኳትም። አንተ ንገራት።

ከጀልባው ያመጣኸው ባትሪ ዛሬም ደህና ነው። ሳሎን ያለው አምፖል በሱ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ዑመይር በር ላይ የተወው ጫማ ሳይቀር ይታያል። ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ተውኩት።

ስትወጣ አንተ አጥፋው።

ሳኒ