ጆሮ የሚወስደው አሞራ

የኔ እማዬ፣

ከተለየሽን ሦስት ዓመት አለፈ። ዛሬ ግን የምነግርሽ ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ ከቢሮ እንደገባሁ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሳሎኑን ሰማያዊ ቀባነው፤ ብታዪው ሆስፒታል አስመሰላችሁት ትይ ነበር። በአንቀልባ ያዘልሻት ልጄ ማርታ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ተይ ሲሏት አትሰማም። እንዳንቺ ላስፈራራት እሞክርና ቃሉ ይጠፋብኛል። ድምፅሽም እየራቀኝ ነበር፤ ፎቶሽ ሞልቶ የተቀዳ ድምፅሽ አንድም የለንም።

ትናንት ለሥራ ቶጎጫሌ ውዬ በሚኒባስ ወደ ጅጅጋ ስመለስ፣ ከፊቴ አንዲት ሶማሌ እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ተቀምጣለች። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቆማ አንገቷን በመስኮት ታወጣለች። እናቷ በሶማሊኛ ደጋግማ ተቆጣቻት። አልሰማ ስትላት በአማርኛ፣ ያውም በአንቺው የጎጃም ቅላጼ፣ «ጆሮሽን ለአሞራ ሰጥተሽው ነው የመጣሽው?» አለቻት። ልጅቷ ደንግጣ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ያዘች፤ ልክ እኔ በልጅነቴ እንደማደርገው።

ትከሻዋን ነካ አድርጌ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት።

«ጅጅጋ አራተኛ ክፍል ያስተማረችን መምህርት ናት» አለችና ስምሽን ጠራችው።

ልጇ ነኝ ስላት ተነስታ አጠገቤ መጣች። ሂቦ ትባላለች። ማረፍሽን አልሰማችም ነበር፤ ስነግራት በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወዲያው ግን ወሬው ፈነዳ። ክፍሉ ሲንጫጫ ምላሳችሁን ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ ትያቸው ነበር አሉ። በፀሐይ ሲሯሯጡ ደግሞ «ጥላችሁ ደክሞት መንገድ ላይ ይቀራል» ትይ ነበር። ይሄኛውን እኔም አላውቀውም!

እማዬ፣ አንድ ጉድሽም ወጣ። እኔን ቤት ውስጥ ስትቆጪ፣ ተማሪዎቼ እንዲህ ቢያዩሽ ያፍሩብሻል ትዪኝ አልነበር? ለካ ክፍል ገብተሽ እነሱን፣ «የኔ ልጅ እኮ እንዲህ አታደርግም» ትያቸው ኖሯል። ሂቦ በእኔ ስትቀና አደገች፣ እኔ በእነሱ! ጅጅጋ እስክንገባ ስንስቅ ሾፌሩ ሳይቀር አብሮን ሳቀ።

ቅዳሜ የድሮ የክፍል ጓደኞቿን ቤቷ ልትሰበስብልኝ ነው። ደብተር ገዝቻለሁ። የሚያስታውሱትን አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ለማርታ ስናገረው ደግሞ ሁልጊዜ «አያትሽ እንዲህ ትል ነበር» ብዬ ነው የምጀምረው። በአፌ እስካለሽ ድረስ አልረሳሽም።

ልጅሽ